ለክፉ ቀን የተቀመጡ ፍላጻዎች

እኛ ሰፈር ቋጠሮን የማያውቅ የለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ቋጠሮ ያሉት የአውቶቡስ ጋራዡ ሾፌሮች ናቸው። ጋራዡ ከጸጉር ቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቋጠሮ እዚያ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ ሲውል ከውጭ የሚታየው መነጽሩና ግንባሩ ብቻ ነው። ከኋላው እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አለ፤ ፊልትሮው፣ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው፣ ብሎኑ በየመጠኑ ተደርድሮበታል። አዲስ ዕቃ ሲገባ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ ነው የሚያስቀምጠው። ሲያስር ደግሞ አንድ ቀን ይፈታል ብሎ አያስርም። ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሾፌር መጥቶ ዕቃ ሲጠይቀው የመጀመሪያ መልሱ «የለም» ነው። ሳያይ፣ ቀና ሳይል፣ የለም። ሾፌሩ ከለመነ፣ ከተቆጣ፣ አልሄድም ብሎ ከቆመ፣ ያኔ እያቃሰተ ይነሣና መደርደሪያውን ይፈትሻል። ዕቃው ሁሌም ይገኛል። ሰዓት ስንት ነው ብትለው የለም ይልሃል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ቀልዱ አይገባውም። ተንኮል የለበትም፤ ነገር ከእጁ ሲወጣ ሆዱ የሚባባ ፍጡር ነው፤ የራሱ ያልሆነ ነገር እንኳ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ስስታም የሚለው ቃል አይገልጸውም። ስስታም ለሌላው ነስቶ ለራሱ ያስቀምጣል። ይሄ ሰውዬ ለራሱም የለም ባይ ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ይከትና በተሰፋው ጫማ ይዞራል። ምን እየጠበቅህ ነው ሲሉት «ለክፉ ቀን ነዋ» ይላል። ክፉ ቀን መጥቶ ጫማ የሚለካ ይመስል። እኔ በዚህ ስንት ዓመት ስስቅበት ኖርኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ራሱ ያሳፍረኛል።

ይህን ሰው ጨዋታ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው። የጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ የጸጉር መጠቅለያውን የቢጎዲን ጋሪ ጥግ አስይዘን፣ መሀል ላይ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ጨዋታው የአፍ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው፣ ማለትም እኔ፣ የሌለ አገር ፈጥሬ እተርካለሁ፤ ዋሻ፣ ግንብ፣ ክንፍ ያለው አውሬ፣ የሚናገር ወንዝ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በዚያ አገር ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። «በሩን ገፍቼ እገባለሁ» ይላሉ፣ «አውሬውን እወጋዋለሁ» ይላሉ፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን የሚፈርደው ዳይስ ነው። ያስተማረን የእህቴ ልጅ ነበር። እሱ ሰልችቶት ተወው፤ እኛ ጎልማሶቹ ሱስ ሆኖብን ቀረን።

ዳቦ ጋጋሪው ባለ ጎራዴ ነው። ሌሊት ሲጋግር ስለሚያድር ተራው እስኪደርስ ያንቀላፋል፤ ስንቀሰቅሰው ከፊቱ ማን እንዳለ እንኳ ሳይጠይቅ «እመታዋለሁ» ይላል። አንድ ጊዜ መንገድ ልታሳየን የመጣች ምስኪን አሮጊት እንዲህ ብሎ መትቶብናል። የሂሳብ አስተማሪው አስማተኛ ነው፤ አስማቱን ከመሥራቱ በፊት ግን ትምህርት ይሰጠናል። ቋጠሮ ሲመጣ ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ሰው ሁሉ እንደዚህ ሲባል ጀግና፣ ንጉሥ፣ ጠንቋይ ይላል። እሱ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ጓዙን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋችኋል ወይ አለኝ።

አስፈለገን እንጂ። በእኔ ጠረጴዛ ክብደት ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የሚሸከመው ልክ አለው፤ ልኩን ካለፈ እርምጃው ይቀንሳል። እያንዳንዳችን በጠረጴዛው ላይ በልብስ ቁልፍ ነው የምንታየው፤ ቁልፉን በካሬ በካሬ እናስኬዳለን፤ ጭነት የበዛበት ሰው ሌላው ሁለት ካሬ ሲሄድ እሱ አንድ ይሄዳል። ፍላጻ ደግሞ የክብሪት እንጨት ነው። ስትወረውር እንጨቱን ትሰብራለህ፤ አለቀ። ከውጊያ በኋላ የተወረወረውን መልቀም ይቻላል፤ ቆይቶ የሚለቅም ሰው ዳይስ ይጥላል፤ ከቀናው ጥቂት ደህና እንጨት እሰጠዋለሁ። የሰጠሁትን የት እንዳኖረው አልጠይቅም። የሰው ከረጢት መፈተሽ አልወድም።

ሌላው ወርቁ ላይ ሲራኮት ቋጠሮ ጎንበስ ብሎ ፍላጻ ይለቅማል። ገመዱ፣ የፋኖሱ ዘይት፣ የበር መፈንቀያው ብረት ሁሉ በየወረቀት ቁራጩ ተጽፎ እሱ ዘንድ ነው። የክብሪት እንጨቶቹን የሚያኖራቸው በአንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አንድ እሑድ አስተማሪው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ፣ ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ሳለ፣ ቋጠሮ ቀስ ብሎ «ገመድ አለኝ» አለ። ያን ዕለት እልል ነው ያልንለት። የሰውዬውን ፊት እንዲያ ሲፈካ አይቼው አላውቅም ነበር። ፍርግርጉ ጀርባ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀመጥ ማንም እልል ብሎለት አያውቅም።

ሚስቱ ያረፈችው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሴት ልጅ አለችው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ አስተያየቷ ግን የሚወጋ። እናቷ ከተቀበረች ሳምንት ሳይሞላ ልብሷን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች። ምነው ስለው፣ ለሥራዋ ይቀርባታል አለኝ። አይቀርባትም፤ እኔ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ጸጉሯን ልትሠራ ወደኔ ትመጣለች፤ አባቷ ከመስኮቴ ይታያል፤ መንገዱን ግን አትሻገርም። እሱም ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ያያታል፤ አይመጣም። ሁለቱን ሳይ ነገሩ አናደደኝ። አንድ ቀን ጸጉሯን እያጠብኩ፣ ራሷ እጄ ላይ ስለሆነ መሄጃ የላትምና፣ እሑድ ነይ አልኳት።

መጣች። ቋጠሮ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አገኛት። ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው፤ ደግሞ አወለቀው። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ገብቶት ወንበር ሳበለት።

እሷ ቀስተኛ ሆነች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀድማ ወጥታ የምትቃኝ። እንዲያ ለመሮጥ ደግሞ ሸክም አያስፈልግም፤ ስለዚህ ፍላጻዋን አባቷ ይሸከምላት ጀመር። ከትከሻዋ ያለው ሲያልቅ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ «አባ፣ ፍላጻ» ትላለች፤ እሱ ቆርቆሮውን ከፍቶ መዳፏ ላይ ያኖርላታል። የለም ብሏት አያውቅም። ሾፌሮቹ ያን ቢያዩ ዓይናቸውን ባላመኑ። ዳቦ ጋጋሪው ቀንቶ፣ ጋሼ እኛንም ልጅህ አድርገን ይለው ነበር። አባትና ልጅ በኔ ዋሻ ውስጥ ይነጋገራሉ፤ በሩ ከወዴት ነው፣ ቀድመሽ አትሂጂ፣ ጠብቀኝ፣ ያዝልኝ ይባባላሉ። ከጸጉር ቤቱ ሲወጡ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ።

አንድ ጊዜ ካስኮቹን ወደ ቦታቸው ስንመልስ ብቻችንን ቀረን። እጁን ካስኩ ላይ እንደጫነ ቆመና፣

«ይቺ እሑድ ከቀረች ልጅ የለኝም በዪ» አለኝ።

እንግዲህ ያን እያወቀ ነው እንዲያ ያደረገው። እያወቀ ስል፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ እሱ ራሱ መለየት የሚችል አይመስለኝም።

የድልድዩ ቀን እንዲህ ሆነ። ዋሻው ውስጥ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከኋላ ጥርሳም ነገሮች እያሳደዷቸው ነው። ባለ ጎራዴው ቆስሏል፤ አስማተኛው አስማቱን ጨርሷል፤ ትምህርቱ ብቻ ነው የቀረው። ልጅቱ እናንተ ተሻገሩ፣ እኔ አግዳቸዋለሁ አለች። ድልድዩ አፍ ላይ ቁልፏን አኖረች። ወረወረች፣ እንጨት ሰበረች፤ ወረወረች፣ ሰበረች። በጣም ቀንቷት ነበር። «አባ፣ ፍላጻ» አለች፤ ሰጣት። ያም አለቀ። የቀሩት ጥርሳሞች ጥቂት ነበሩ፤ ዳይሱም እየታዘዛት ነው፤ ሁላችንም ከወንበራችን ተነሥተን እናያለን። እጇን እንደልማዷ ሳታይ ወደ ኋላ ዘረጋች።

«አባ፣ ፍላጻ።»

ቋጠሮ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ገልብጦም መታ መታ አደረገው። ባዶ ነው። «አልቋል፤ የለም» አለ።

በቢላዋ ገጠመች። ቀስተኛ በቢላዋ ምን ታደርጋለች? ወደቀች። እኔም ከልቤ አዝኜ ተረኩላት፤ ውሃው ተቀበላት አልኩ፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም። ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ለጥቂት ጊዜ በጣቷ ስታሻሸው ቆየች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ ፈገግ አለች።

«ደህና ነው አባ። አንተ ምን ታደርግ፤ ያለቀ ነገር አለቀ» ብላ ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር። ሰውዬው ያን ቀን ደስ ብሎት ነው የሄደው። መንገዱን ሲሻገር በመስኮት አይቼዋለሁ፤ እንደ ወጣት ነው የተራመደው። ይህን ሁልጊዜ የማስበው በኋላ የሆነውን ስለማውቅ ነው፤ ባላስበው እወዳለሁ።

በሳምንቱ በጨዋታው ውስጥ ሌላ ሰው ሆና መጣች፤ ፋኖስ ያዥ። መንገዱ ወደ ግንቡ አናት አደረሳቸው። እዚያ ለብዙ ጊዜ ስናወራለት የኖርነው ባለ ክንፉ የግንብ ጌታ ይጠብቃቸዋል። ከላይ ሆኖ እሳት ይተፋል፤ ጎራዴ አይደርስበትም። ቀስተኛ የለችም። የሞተችውን ሴት ቀስት ባለ ጎራዴው አንሥቶ ይዞታል፤ ፍላጻ ግን ከየት ይምጣ? አስተማሪው ሽሹ አለ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ «እመታዋለሁ» ማለቱን ትቶ ጢሙን ያሻል።

ያኔ ነው ቋጠሮ ፊቱ የበራው። እጁን ከጃኬቱ ውስጥ ከተተና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። በሲባጎ ታስሯል። ጣቱ ሲያቅተው በጥርሱ ፈታው። ከውስጡ የክብሪት እንጨት ወጣ፤ አንድ እፍኝ ሙሉ። አንድ በአንድ፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በእነዚያ ሁሉ እሑዶች፣ ከእነዚያ ሁሉ ውጊያዎች በኋላ የለቀማቸው ናቸው። ሕግ አላፈረሰም፤ ሁሉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው» አለ። «አንድም ቀን አልነካኋቸውም።»

ቀና ብሎ አየን። ያኔ ገመዱን ሲያወጣ እንዳየን አስተያየት። እልልታ እየጠበቀ። ዳቦ ጋጋሪው ለማጨብጨብ እጁን አንሥቶ ነበር፤ እንደተነሣ ቀረ። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ልጅቱ እንጨቶቹን ነው የምታየው።

«ድልድዩ ላይ ነበሩ?» አለች።

ቋጠሮ ወዲያው አልገባውም። «የቱ ድልድይ?» አለ፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም። ከዚያ ሲገባው አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማየት ለማንም አልመኝም። ፈገግታው መሄጃ አጥቶ ከንፈሩ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሌላ ሰው ሆነ።

«እነዚህ እኮ...» አለ። «ለክፉ ቀን...»

«የኔ ክፉ ቀን መቼ ነበር ታዲያ?»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ ለእሱ ሳይሆን ለበሩ እንደምትናገር ሁሉ፣ «የእማዬስ?» አለችና ወጣች።

እኔ ይህ የእናት ነገር ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ሁላችንም አቀርቅረን ቀረን፤ ጥፋቱ የሱ ሆኖ የሚያፍረው ቤቱ ሙሉ ነው። ቋጠሮ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ የሚለው ይመስል ነበር። እንጨቶቹን አልሰበሰበም፤ ኮፍያውንም ረስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በእኔ በር ማለፍ ተወ። ጠዋት ወደ ሥራው ሲገባ በታችኛው መንገድ ዞሮ፣ በጋራዡ የኋላ በር ይገባ ጀመር። እሑድም ቀረ፤ እሷም ቀረች። ጠረጴዛውን ዘርግቼ ከዳቦ ጋጋሪውና ከአስተማሪው ጋር ተፋጥጠን እንውላለን፤ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ያስተምራል። በመጨረሻ ደሜ ፈላ። የአንድ ደንበኛዬን ጸጉር ካስክ ውስጥ አስገብቼ፣ ኮፍያውን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ልቆጣው ነው የሄድኩት፤ አልዋሻችሁም።

በፍርግርጉ ቀዳዳ ኮፍያውን አቀበልኩት። ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረው እንጂ አላደረገውም። ምንም ሳልጠይቀው ነው የጀመረው፤ ሲናገርም ከመደርደሪያው ጋር ነው የሚያወራው። ሚስቱ በታመመችበት ወቅት ብርድ ብርድ ይላት ነበር። ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ልጅቱ ሌላ ብርድ ልብስ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የለም አላት። ልጅቱ የገዛ ካፖርቷን አወጣችና እናቷ ላይ ደረበች። ሴትየዋ በዚያ ካፖርት ሥር ነው ያረፈችው። ለቀብር ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ሊያድሩ ሲሆን፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ከላይኛው መደርደሪያ አዲስ ብርድ ልብሶች አወረደ። ላስቲካቸው አልተቀደደም። ለእንግዳ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጡ ናቸው። ላስቲኩን ሲቀድ ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሱ አንዱን ዘርግቶ፣ ያዢልኝ ብሎ ጫፉን ሰጣት። ያዘችለት። አብረው አነጠፉ። ሳምንት ሳይሞላ ሄደች።

«እንዳሉ እንኳ ትዝ አላለኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ?» አለኝ። «የለም ስላት እውነት የሌሉ መስሎኝ ነው። አፌ ነው ቀድሞ የሚናገረው። ድልድዩም ላይ እንደዚያው። እጄ ወደ ደረቴ አልሄደም፤ ሄዶ ቢሆን እኮ እሰጣት ነበር።»

«አምንሃለሁ» አልኩት። «እሷን ግን ምን ይጠቅማታል?»

ጭካኔ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ግንባሩን ፍርግርጉ ላይ አስደገፈ። ጎልማሳ ሰው ሲያፍር ማየት ከባድ ነው፤ ሲያለቅስ ብታዩት ይቀላል። ልቅሶ ያባብሉታል፤ ሐፍረትን ምን ይሉታል? እኔም ዓይኔን ከሱ አንሥቼ ብሎኖቹን ማየት ያዝኩ።

በዚህ መሀል አንድ ሾፌር መጥቶ የፊት አምፖል ጠየቀ። ቋጠሮ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ ግን ምንም አልወጣም። ሾፌሩ የለም እስኪለው፣ ሊጣላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቋጠሮ ተነሥቶ አምፖሉን አምጥቶ ሰጠው። ሾፌሩ አምፖሉን ወደ ፀሐይ ይዞ አገላብጦ መረመረው፤ እንዲህ በቀላሉ የተሰጠው የተቃጠለ ቢሆን ነው ብሎ መሰለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። ልለምናት አስቤ ነበር፤ ልመና ግን አልችልበትም። ፎጣውን አንገቷ ላይ ሳስር፣ አባትሽን ጠልተሽው ነው ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«አልጠላሁትም» አለች። «እሱን ዳግመኛ መጠየቅ ነው ያቃተኝ። እጄን ዘርግቼ ባዶውን መመለስ።»

ጸጉሯን በደንብ፣ ከሌላ ጊዜ አብልጬ ሠራሁላት። ስትወጣ ግን መንገዱን አሻግራ፣ ያን ፍርግርግ ትንሽ ቆማ አየችው። እሑድ እመጣለሁ፣ የምጫወተው ግን በራሴ ዕቃ ነው አለችኝ። ለእሱም ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

መጣች። ዳግመኛ ቀስተኛ ሆና ነው የመጣችው፤ ግን እንደ ፊተኛዋ አይደለችም። ፍላጻውን ሁሉ ራሷ ተሸከመች። ገመዷን፣ ፋኖሷን፣ ዘይቷን፣ ስንቋን፣ መደረቢያዋን ሁሉ ጫነች። ክብደቱን ደምረን ስናየው ልኳን አልፏል። ይህን ያህል ከያዝሽ አንድ ካሬ ብቻ ነው የምትሄጂው አልኳት። አውቃለሁ አለች።

ቋጠሮ በሩ አጠገብ፣ የጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ለመሄድ የሚመቸው ቦታ። ገና ሳንጀምር ያለውን ሁሉ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል ዘረገፈ። ገመድ፣ ዘይት፣ ብረት፣ ያቆየሁለትን ክብሪት እንጨት፤ የፈለገ ይውሰድ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ትንሽ ወሰደ፤ አስተማሪውም ላለማሳፈር ብሎ ገመድ አነሣ፤ አስማተኛ ገመድ ምን ያደርግለታል? እሷ አልነካችም። እሱም እንዳልነካች አየ።

የግንቡን ጌታ ሸሽተው ወደ ዋሻው ወርደዋል ብዬ ጉዞውን እንደገና አስጀመርኩ። የሌሎቹ ቁልፎች ሁለት ካሬ ሲሄዱ የሷ አንድ ይሄዳል። በየበሩ ቆመን እንጠብቃታለን። አስተማሪው በዚህ እርምጃ ከሄድን ግንቡ ጋ ስንደርስ ጡረታ እወጣለሁ ማለት ጀመረ። ቋጠሮ ሲወራጭ ቆየ። አንዴ ቁልፏን ያያል፣ አንዴ የጓዟን ብዛት። በመጨረሻ አልቻለም።

«ልሸከምልሽ?» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«ይቅር አባ» አለች፤ በትሕትና፣ ፈገግ ብላ፣ ለማታውቀው ሰው በሚሰጥ ፈገግታ። «ለምጄዋለሁ።»

በቁጣ ብትናገረው ኖሮ በተሻለው። እንዲያ በጨዋነት ስትመልስለት ግን ሐፍረቱን ተከናንቦ ቁጭ አለ። ተነሥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ወንበሩም ተንቀሳቅሷል። ተራው ሲደርስ ምን ታደርጋለህ አልኩት። የሱ ቁልፍ ከፊት፣ ከባለ ጎራዴው ጎን ነበር። አነሣው። በእነዚያ በተሻገሯቸው ካሬዎች ሁሉ ላይ ወደ ኋላ መለሰውና ከሷ ቁልፍ አጠገብ አኖረው።

«አንተ እኮ አሁን ባዶህን ነህ፤ መሮጥ ትችላለህ» አለው አስተማሪው።

«በእሷ እርምጃ ነው የምሄደው» አለ።

ልጅቱ ሁለቱን ቁልፎች አየች። እሱን ሂድ ማለት ይችሉ ነበር እነዚያ ዓይኖች፤ አላሉም። እንደዚያው ቀጠልን። ከፊት ያሉት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፤ ከኋላ ሁለት ቁልፎች አንድ አንድ ካሬ እየተጎተቱ ይመጣሉ። እሱ አንድም ጊዜ አልቀደማትም፤ አላወራትምም። እጁ ባዶ ስለሆነ ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ ነው፤ ተራኪውም ርኅራኄ የለውም። ጨለማው ውስጥ፣ ከበስተኋላ፣ የሚከተላቸው ነገር እንዳለ ተረኩ። እግሩ ይሰማል፤ እየቀረበ ነው። ማንን ቀድሞ እንደሚያገኝ ማወቅ አለብኝ።

«ከሁሉ ኋላ ያለው ማነው?» አልኩ።

«እኛ» አለ ቋጠሮ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ረጅም አስተያየት ነበር። ያቺን አንዲት ቃል መልሳ ልትወስድበት እንደምትችል እሱም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች። የሱን ቁልፍ አየችና፣ «እሱም አለ» አለች።

ቋጠሮ አንገቱን ደፋ። ይቺም የማትገባው ያህል በሁለት እጁ ዳይሱን አነሣ፤ ሳይጥለውም ቆየ።